ከሶኬቱ ተነሥቶ ወደ ግራፊክስ ካርዱ፦ ለጌም ኮምፒውተር ዕቃ የመምረጥ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ጎንደር

መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ለጨዋታም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቱም የሚያገለግለው ኮምፒውተር እንድገጥምለት ከጠየቀኝ ቆይቷል፤ ቤተሰቡ ያዋጣለት ገንዘብ 130 ሺህ ብር ስለደረሰ ዛሬ የዕቃ ምርጫውን ጀመርን። ሞኒተሩም፣ ዩፒኤሱም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ)፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ማስመጫውም ከዚሁ ገንዘብ ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ገበያው እንዲወስነው ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጠዋት በተባለው ዋጋ ማታ የማይገኝበት ጊዜ ስለበዛ፣ በዚህ ማስታወሻ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ አልጽፍም፤ የምጽፈው ምን እንደመረጥን፣ ምን እንደተውንና ለምን እንደሆነ ነው።

ልጁ ይዞልኝ የመጣው ዝርዝር የጨዋታውን ምስል በሚሠራው በግራፊክስ ካርድ ይጀምርና «ፓወር ሰፕላይ፣ ማንኛውም 500 ዋት» በሚል ያበቃል፤ ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው። በዩቲዩብ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሰዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ የሚገጥሙትም መብራት በማይዋዥቅበት፣ የተበላሸ ዕቃ በሳምንቱ ተለውጦ በር ድረስ በሚመጣበት አገር ነው። ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚገጥም ሰው ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ አንደኛው ከግድግዳው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ምን ዓይነት ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱ ዕቃ ቢበላሽ ምትኩ እስኪመጣ ድረስ ኮምፒውተሩ በምን ይሠራል የሚለው ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ገልብጠን ከታች ወደ ላይ ለመሄድ ወሰንን፤ ልጁ እንኳ በዚህ ብዙም ደስ አላለውም።

መስከረም 27

ማራኪ የሚገኘውን ቤታቸውን ሶኬት በቴስተር ለካሁ። ጠዋት 221 ቮልት የነበረው ማታ ወደ 186 ወረደ። የግቢው ተከራዮች በሙሉ የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቴጁ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ከዝቅታው ይበልጥ የሚያሳስበኝ መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ቅጽበት የሚደርሰው መዋዠቅ ነው፤ ለጥገና ወደ እኔ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተቃጠሉት መብራት ሲመጣ እንጂ ሲጠፋ አይደለም።

ሶኬቱን ፈትቼም አየሁት። ከላይ ሲታይ የኧርዝ (ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ምላስ አለው፤ ከውስጥ ግን ከፌዙና ከኒውትራሉ በቀር የተገናኘ ሽቦ የለም። ኧርዝ በሌለበት ቤት የኮምፒውተሩን ብረት ሲነኩት የሚነዝረው በአብዛኛው ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም፤ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች ወደ መሬት ሊሸኙት የሚገባቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ መሄጃ ስላጣ ኬዙ ላይ ይቀራል። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይከላከላሉ እየተባሉ የሚሸጡት ማከፋፈያዎችም ቢሆኑ ትርፉን የሚጥሉበት መሬት ከሌለ ግማሽ ሥራቸው ይቀራል። በመሆኑም የመጀመሪያው ወጪ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተመደበ፤ ግቢው ውስጥ ዘንግ ተቀብሮ የኧርዝ ሽቦ እስከ ልጁ ክፍል ይሳባል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለካርዱ ምን ሊቀር ነው?» አለኝ ልጁ። ገና ዩፒኤሱን አልሰማም።

ጥቅምት 1

ዛሬ ሙሉ ቀን ያለቀው በፓወር ሰፕላይ ነው፤ ቀኑ ባከነ ብዬ ግን አላዝንም፤ በውስጥ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ ኃይል የሚያገኙት ከእርሱ ነውና።

እዚሁ ጎንደር አራዳ ካሉት ሱቆች ያገኘናቸውን መለያ ወረቀታቸውን እያነበብን አወዳደርን። በመጀመሪያ የሚታየው የመግቢያው መስመር ነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የማታውን 186 ቮልት ያለ ችግር ይቀበላል፤ ቮልቴጁ በወረደ መጠን የሚስበው አምፔር ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያላቸው ግን የቆየ አሠራር ናቸው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ወደ 115 ቢገፋው በእኛ 220 ቮልት ወዲያውኑ ይፈነዳል።

ሁለተኛው የሚነበበው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙም ቁም ነገር አይደለም። አንዱ ሱቅ ያሳየን «500 ዋት» ወረቀቱ ላይ ለ12 ቮልት የሚሰጠው 18 አምፔር ብቻ ሲሆን፣ ይህ ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል፤ የቀረው ዋት ዛሬ ኮምፒውተር እምብዛም በማይጠቀምባቸው በ5 ቮልትና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ተደምሮ የተቆጠረ ነው። ልጁ ይህን ካየ በኋላ ወረቀት ማንበቡን ራሱ ቀጠለበት። «80 ፕላስ ብሮንዝ» የሚለውን ምልክት ሲያገኝም ፍለጋው ያበቃ መስሎት ነበር፤ ምልክቱ የሚናገረው ከግድግዳ የተሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን ለዕቃዎቹ እንደሚደርስ እንጂ፣ ዕቃው ከአጭር ዙር ወይም ከከፍተኛ ቮልቴጅ ራሱን ይጠብቅ እንደሆነ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር እኛን ከሌላው አገር ሰው ይልቅ የሚመለከት ነው። ከቻይና በመጡ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ወረቀት ጥግ ላይ ተራራ የሚመስል ትንሽ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ ዕቃው የተመረመረው ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ባለ ከፍታ ለመሥራት ነው ማለት ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ኤሌክትሪክ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ዘልሎ እንዳያልፍ የመከልከል ዐቅሙ ስለሚቀንስ፣ በውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቮልቴጅ ወገን መካከል ያለው ርቀት ለደጋ አገር ሰፋ ብሎ መሠራት ይኖርበታል፤ የዓለም አቀፉ ደረጃ ይህን ርቀት ለ3,000 ሜትር በ1.14፣ ለ5,000 ሜትር በ1.48 ያባዛዋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ስለሚል ዕቃው በሕግ የሚሠራው እዚያው ማረፊያው ላይ ነው ብለን ሳቅን። በመቶ ሜትር ልዩነት የሚቃጠል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ርቀቱን እስከ መጨረሻው ሚሊ ሜትር ቆጥቦ የሠራ ፋብሪካ ሌላውንም ቆጥቦ እንደሆነ ስለምጠረጥር፣ የተራራው ሥዕል 5000 የሚልበትን መረጥኩ።

የተመረጠው ባለ 550 ዋት ሲሆን፣ በ12 ቮልት መስመር ብቻ ከ500 ዋት በላይ ይሰጣል። ለልጁ ከበቂም በላይ ነው፤ ትርፉን የያዝኩት ዕቃው በግማሽ ዐቅሙ እየሠራ ሳይሞቅ እንዲኖር ነው።

ጥቅምት 6

ዩፒኤስ። የከተማችን ልማድ ስታብላይዘር ገዝቶ ማረፍ ነው፤ ለፍሪጅ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ስታብላይዘርም አብሮ ይጠፋል። የፈለግነው መስመሩ ሲወርድ ባትሪውን ሳይነካ ቮልቴጁን ራሱ ከፍ የሚያደርገውን ዓይነት ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ወደ ባትሪ እየገባ በወራት ውስጥ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ሱቆቹ የሚጠሩት በቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው፤ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን ዋቱ ነው። አንድ ሺህ ቪኤ የተባለው ከጀርባው ሲነበብ 600 ዋት ይላል። የእኛ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ በጨዋታ ላይ 300 ዋት አካባቢ እንደሚስብ ስለገመትኩ ይበቃዋል። በውስጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች አሉ፤ ሲባዛ 168 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን በወረቀት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ እርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ ግን ከያዘው ግማሹን ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከአሥር ደቂቃ ብዙ አልጠብቅም። ጨዋታውን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ያን ያህል በቂ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ከወረቀት አይመለስም። ርካሹ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ እንደ መስመሩ የተስተካከለ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ይህን አይወዱትም፤ በሽግግሩ ቅጽበት ይጠፋሉ። ሽግግሩ ራሱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ሲሆን፣ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለ ምንም ግብዓት 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል መታገሥ ስለሚጠበቅበት ጊዜው አይጎድልም፤ ሞገዱ እንዴት እንደሚስማማው ግን የሚታወቀው ሁለቱን አገናኝቶ ሶኬቱን በመንቀል ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተስማማነው ዩፒኤሱና ፓወር ሰፕላዩ ካልተስማሙ ልንመልስለት ነው። እዚሁ ጎንደር የሚሸጠውን የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአዲስ አበባ በጥቂት ብር ቅናሽ የመጣ ዩፒኤስ ክብደቱ ብቻ መመለሱን የማይታሰብ ያደርገዋል።

ጥቅምት 11

ፕሮሰሰር ላይ ልጁ የያዘው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ነበር። ባለ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ለዋጋው የሚያስመሰግን ዕቃ ነው። የማልወድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ ቢበላሽና ለጥገና ወይም ለልውውጥ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ እስኪመለስ ድረስ ልጁ የቤት ሥራውን እንኳ የሚጽፍበት ማያ አይኖረውም። መልሱ 5600ጂ ይመስል ነበር፤ እርሱ ግራፊክስ አለው፤ ነገር ግን ካሹ (በውስጡ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) ከ32 ወደ 16 ሜጋባይት የወረደ ከመሆኑም በላይ ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ በሦስተኛው ትውልድ ነው። ልንገዛው ያሰብነው ካርድ የሚጠቀመው ስምንት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ በተወሰኑ ጨዋታዎች ላይ ይታወቃል።

ሁለቱንም የሚያሟላው የኢንቴሉ የ12ኛው ትውልድ ኮር አይ5-12400 ሆኖ ተገኘ። ይህም ባለ ስድስት ኮር ነው፤ መነሻው 65 ዋት፣ ሲጨነቅ እስከ 117 ዋት ይወጣል፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስን አራተኛ ትውልድ ይቀበላል፤ ማያ የሚያበራ ግራፊክስም በውስጡ አለው። ነገር ግን ነጋዴው ሁሉ የሚያቀርበው መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበትን ነው፤ ኤፍ ማለት ግራፊክሱ የተዘጋበት ማለት ሲሆን፣ ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ለጌም የሚገዛ ሁሉ እርሱን ይመርጣል። በቴሌግራም የጠየቅነው ነጋዴ «ካርድ ከገዛችሁ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ሊያሳምነን ሞከረ። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እውነቱን ነው።

ልጁ ለምን 13ኛውን ወይም 14ኛውን ትውልድ እንደማንወስድ ጠየቀ፤ ሶኬታቸው፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መቀመጫ፣ አንድ ነውና። ከገንዘቡ ሌላ፣ በእነዚህ ሁለት ትውልዶች ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ላይ ኢንቴል ራሱ ያመነው ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ የሚያደርሰው ጉዳት ታይቷል፤ ማስተካከያውም በባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ዝማኔ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ነው። 12ኛው ትውልድ በዚህ ውስጥ የለበትም።

ማዘርቦርዱ ቢ660 ሆኖ ዲዲአር4 ለተባለው የራም ዓይነት የተሠራው ነው። በዚሁ ሶኬት ዲዲአር5 የሚወስዱም አሉ፤ በራሙ መሰኪያ ላይ ያለው የጎድጎዱ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይገባም፤ ስለዚህ ሻጩ ሞዴሉን ሙሉውን ጽፎ እንዲልክ አስገደድነው። ለማቀዝቀዣ አነስተኛ ቀጥ ያለ ታወር ከባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ጋር ይገዛል። ጎንደር ሞቃት ከተማ ባትሆንም አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። መርካቶ በብዛት ያለው የቀድሞዎቹ ሶኬቶች ማቀዝቀዣ ሲሆን የቀዳዳዎቹ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛው ሶኬት 78 ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ጎትቶ ለማሰር የሚሞክር ባለሙያ አይቻለሁ።

ጥቅምት 15

አሁን ልጁ የጠበቀው ቀን ደረሰ። ከቀረው ገንዘብ አዲስ ካርድ ስለማይገዛ ያገለገለ እንፈልጋለን፤ ማያው 1080 ፒ (1920 በ1080 ነጥብ) ስለሚሆንም ከዚያ በላይ የሚጎትት ካርድ አንፈልግም።

በዋጋ የሚያጓጓው አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይቱ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ከእነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በመቆፈር ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ኖረው፣ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም በካርድ መቆፈርን ሲያስቀር ለገበያ የተጣሉ ናቸው። አምራቹ ኤኤምዲም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን ትውልድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከዋናው ለይቶ አስፈላጊ ጥገና ብቻ ወደሚሰጥበት መስመር አውርዶታል። ከዚህም ሌላ በዚሁ ስም የሚሸጥ ሌላ ዕቃ አለ፤ እውነተኛው 2,304 የስሌት አሃዶች ሲኖሩት፣ 2,048 ያለው በተግባር አርኤክስ 570 ነው። የሚስበው ኃይልም 185 ዋት ስለሆነ በዩፒኤሱ ላይ የማይናቅ ጫና ነው።

አርኤክስ 6600 በ132 ዋት ከእርሱ በብዙ ይበልጣል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሚሞሪው ለትምህርቱ፣ በተለይ ለማሽን ለርኒንግ፣ ይጠቅመው ነበር፤ ይህን ልጁ ሲያነሣ ተገቢ ክርክር መሆኑን አምኜ ዋጋ አስጠየቅን፤ ልዩነቱ ኧርዙንና ዩፒኤሱን የሚበላ ሆኖ ተገኘ። 6600 ተወሰነ።

ያገለገለ ካርድ በፎቶ አይገዛም። አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ሱቁ ድረስ ሄዶ እንዲያይልን የሚከተለውን ጻፍኩለት፦ ካርዱን ወደ ብርሃን አዙሮ የጀርባውን ብሎኖች ጭንቅላት ይመልከት፤ ተፈትተው ከሆነ የመስቀሉ ጠርዝ ተልጦ ይታያል፤ በሚሞሪዎቹ ዙሪያ ሰሌዳው በዘይት ከራሰ ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሠርቷል ማለት ነው፤ ፋኖቹን በጣቱ አዙሮ ቀስ ብለው እንደሚቆሙ እንጂ በድንገት ተገትተው እንደማይቀሩ ይመልከት፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ የአሃዶቹ ቁጥር 1,792 መሆኑን፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያም አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ በመጨረሻም ነጋዴው ሻይ ቢጋብዘውም ባይጋብዘውም ከሃያ ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በሙሉ ጫና አሠርቶ ከማያው ፊት አይነሣ።

ጥቅምት 22

የመጀመሪያው ሱቅ ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ለማሳየት ፈቃደኛ አልሆነም፤ ተተወ። ሁለተኛው ፈቀደ። ብሎኖቹ ያልተነኩ ናቸው፤ ቁጥሩም ልክ ነው፤ በጫና ላይ የሙቀቱ ጣሪያ 74 ዲግሪ ሆኖ ቆሟል። ተገዛ። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ በአውሮፕላን በሚመጣ ዘመድ የእጅ ሻንጣ ይመጣሉ።

ጥቅምት 25

የቀሩት በአንድ ቀን አለቁ። ራም ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት፣ ፍጥነቱ 3200፤ አንድ ባለ 16 ቢሆን ርካሽ ነበር፤ ሁለቱ ግን በሁለት መስመር ስለሚሠሩ ለጨዋታ የተሻሉ ናቸው። ዋናው ማከማቻ፣ ኤስኤስዲው፣ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) ሲሆን፣ ሱቁ ውስጥ እንዳለን ኤች2ቴስትደብልዩ በተባለው ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር እንዲጻፍበት አደረግን፤ 128 ጊጋባይት ይዞ 1 ቴራባይት ነኝ የሚል ፎርጅድ ገበያው ውስጥ ስላለ፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም አልተነሣንም። ልጁ ከጓደኞቹ በሃርድ ዲስክ የሚቀባበላቸው ጨዋታዎች ስላሉ የቆየ ሃርድ ዲስኬን ሰጠሁት፤ የአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ስለሆነ ጎንደር አያስቸግረውም።

ኬዙ ፊቱ ወንፊት የሆነና ማጣሪያው ያለ ብሎን የሚወጣ ነው። ልጁ የተመኘው በመስታወት የተዘጋ ፊት ያለውን ነበር፤ ከአሁን ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚቆየውን አቧራ የሚያውቅ ሰው አይገዛውም። ሁለት ፋን ከፊት ያስገባል፣ አንድ ከኋላ ያስወጣል፤ የሚገባው አየር ከሚወጣው ከበለጠ በየቀዳዳው አቧራ አይሳብም። ሞኒተር፦ 24 ኢንች፣ 165 ኸርዝ፣ እዚሁ አራዳ ሱቅ ውስጥ አብርተን ያየነው።

ኅዳር 9

ዕቃው ተሟልቶ መጣ፤ ገጠምነው። ካርዱን ከመሰካታችን በፊት በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ብቻ አስነሣነው፤ ማያው በራ፣ ዊንዶውስ ተጫነ፣ የልጁ የትምህርት ፕሮግራሞች ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ካርዱ ገባ። በጨዋታ ላይ ሲለካ ከግድግዳው የሚስበው 270 ዋት አካባቢ ነው፤ ፕሮሰሰሩ 68፣ ካርዱ 73 ዲግሪ ላይ ረጉ። ኬዙ አይነዝርም፤ የኧርዙ ሥራ ባለፈው ሳምንት ተጠናቋል።

ጨዋታው እየሄደ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ነቀልኩ። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ማያውም አልተንቀጠቀጠም። ባትሪው እስኪሟጠጥ ድረስ ትተነው 12 ደቂቃ ሠራ። ማታ እንጀራ ሲጋገር ሶኬቱ ወደ 188 ቮልት ሲወርድ ዩፒኤሱ ባትሪ ውስጥ ሳይገባ ወደ 215 ከፍ እያደረገ ሰጥቷል፤ ስለዚህ መመለሱ ቀርቷል፤ ለሻጩም ደውዬ ነግሬዋለሁ።

የቀረው ገንዘብ ጥቂት ነው። ልጁ በእርሱ የሚያበሩ ባለ ቀለም ፋኖች ሊገዛበት ይፈልጋል፤ እኔ ለዩፒኤሱ መለዋወጫ ባትሪ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። እናቱ ዘንድ ተቀምጧል።